ስለ ተሰወረ ደዌና ስለ ታናሹ ምስክር

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለው ተርተዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የተነገረው ደዌውን እያወቀ ለሚሰውር ሰው ነው። ደዌው ከባለቤቱ ከራሱ የተሰወረ እንደ ሆነስ ምን እንላለን? ሰውየው ይበላል፥ ይጠጣል፥ ያርሳል፥ ልጆቹን ያሳድጋል፤ ጤነኛ ነኝ ብሎም ያምናል። በደሙ ውስጥ ግን በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተሐዋሲ ተቀምጦ ዘመኑን ይጠብቃል። ይህን ሰው «ደዌ በውስጥህ አለ» ማለት ይገባልን? መድኃኒቱ በእጃችን ሳይኖር ብንነግረውስ ረዳነው ወይስ ጐዳነው?

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። ሐኪሞች ከመቶ ዓመት በላይ በእጃቸው ይዘው የኖሩት ጥያቄ ነው፤ የያዙበትም መንገድ ለሰሚው የሚያስደንቅ ነው። ምስክር አድርገው ያቆሙት ሰውን ሳይሆን ደም መጣጭ ተባይን ነውና። ንጹሕ የሆነውን ተባይ በተጠረጠረው ሰው ክንድ ላይ አስቀምጠው ደሙን ያስመጥጡታል፤ ከዚያም ብዙ ቀን ጠብቀው የተባዩን ሆድ ዕቃ ይመረምራሉ። ተሐዋሲው በተባዩ ውስጥ ተባዝቶ ቢገኝ ሰውየው ደዌው እንዳለበት ታወቀ ማለት ነው። ስሙንም በግሪክ ቋንቋ ክሴኖዲያግኖሲስ ብለውታል፤ «ክሴኖስ» ማለት እንግዳ፥ ባዕድ ማለት ነውና በባዕድ አካል ደዌን መለየት እንደ ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት እንደ ተዠመረ አስቀድመን እንናገር፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው። በብራዚል አገር፥ በሚናስ ዤራይስ ግዛት፥ ላሳንስ በምትባል ስፍራ የምድር ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ሠራተኞቹን ወባ ስለ አስቸገራቸው ካርሎስ ሻጋስ የሚባል ወጣት ሐኪም በ1907 ዓ.ም. ወደዚያ ተላከ። በዚያም የትኋን ወገን የሆነ፥ ከትኋን ግን እጅግ የሚበልጥ አንድ ተባይ አሳዩት። ይህ ተባይ ቀን በጭቃ ግድግዳ ስንጥቅና በሣር ክዳን ውስጥ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ የተኛውን ሰው ፊት ይነክሳል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች «ባርቤይሮ» ይሉታል፤ ጢም ላጪ ማለት ነው። ሻጋስ የተባዩን ሆድ ዕቃ በአጕሊ መነጽር ቢመለከት ከዚያ በፊት ያልታወቀ ተሐዋሲ አገኘ። ተባዮቹን በሪዮ ዴ ዣኔሮ ወዳለው መምህሩ ወደ ኦስቫልዶ ክሩዝ ላካቸው፤ በእነርሱ የተነከሱት ጦጣዎችም ታመሙ። ሻጋስም ይህ ነገር ሰውን ሳይጐዳ አይቀርም ብሎ ተባዩ በሚኖርባቸው ቤቶች ያሉትን ሰዎች መመርመር ያዘ፤ በ1909 ዓ.ም. ትኵሳት በያዛት በአንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን ደም ውስጥ ያንኑ ተሐዋሲ አገኘው። በመምህሩም ስም ሰየመው።

አንባቢ ሆይ፥ የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውል። ልማዱ ሐኪም አስቀድሞ ሕመምተኛውን አይቶ ኋላ የሕመሙን ምክንያት መፈለግ ነው። በዚህ ግን ተባዩ ቀድሞ ተናገረ፤ ሕመምተኛው ኋላ ተገኘ። ብዙ ዘመን በመንደሩ ሰዎች ሲሞቱ ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም፤ ምክንያቱ ግን በየቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ነበረ።

ይህን ቅደም ተከተል ወደ ምርመራ ጥበብ የለወጠው ኤሚል ብሩምፕት የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ይህ ሰው ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም፤ ከ1901 እስከ 1903 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ባሕር ከሄደው ከዱ ቡርግ ደ ቦዛስ ጉዞ ጋራ ሐኪምና የፍጥረት መርማሪ ሆኖ በኢትዮጵያ ምድር አልፏል። በ1914 ዓ.ም. ያሳሰበው ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ተሐዋሲው በሰው ደም ውስጥ ጥቂት ሲሆን በመነጽር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል፤ በተባዩ ሆድ ውስጥ ግን እንደ መልካም እርሻ አግኝቶ ይባዛል። እንግዲህ ጥቂቱን ዘር ወደ እርሻው አስገብተን እስኪበቅል እንጠብቅ አለ።

አሠራሩም ኋላ ሥርዓት ተበጀለት። ብዙ ጊዜ 40 የሚሆኑ ገና ክንፍ ያላወጡ ተባዮች ስስ ጨርቅ በተሸፈኑ በትናንሽ ሣጥኖች ተከፍለው ይቀመጣሉ፤ ሣጥኖቹም በሰውየው ክንድ ላይ ይደረጋሉ። ተባዮቹ በጨርቁ በኩል ግማሽ ሰዓት ያህል ደም ይመጥጣሉ። ከ30 ቀን በኋላ፥ ዳግመኛም ከ60 ቀን በኋላ ኵሳቸው ይመረመራል። ንክሻው ብዙ ሕመም የለውም፤ ነገር ግን ቈዳው የሚያብጥበትና የሚያሳክከው ሰው አለ። ስለዚህ ኋላ ደሙን በመርፌ ቀድቶ በስስ ሽፋን አማካይነት ለተባዩ የማጠጣት ዘዴ ተገኘ። ዛሬ ደምን ራሱን የሚመረምር ሌላ ብልሃት ስለ ተገኘ ይህ ጥበብ ለዘወትር ሕክምና እንደ ቀድሞው አያስፈልግም፤ ትምህርቱ ግን አላረጀም።

ትምህርቱ ምንድን ነው ያልን እንደ ሆነ ስለ ምስክርነት ነው። ይህ ታናሽ ተባይ ምስክርነቱ እንዲታመንለት ሦስት ነገር ይፈለግበታል።

መጀመሪያው ንጽሕና ነው። ከጫካ ወይም ከመንደር የተያዘ ተባይ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ አስቀድሞ ተሐዋሲውን ከሌላ ጠጥቶ እንደ ሆነ ንጹሑን ሰው በሐሰት ይከሳልና። ስለዚህ ሊቃውንቱ በምርመራ ቤት ከእንቍላል ጀምረው ያሳድጉታል፤ ተሐዋሲው ከእናቲቱ ወደ እንቍላሉ አይተላለፍምና። ምግቡንም የዶሮ ደም ያደርጉታል፤ ይህ ተሐዋሲ በአዕዋፍ ደም ውስጥ መኖር አይችልምና። በሰዎች መካከልስ እንዴት ነው? በባልንጀራው ላይ የሚመሰክር ሰው፥ የሚከስበት ነገር አስቀድሞ በራሱ ሆድ ውስጥ ያለ እንደ ሆነ፥ ያየው የባልንጀራውን ነው ወይስ የራሱን? ተባዩ እንኳ ሳይጠራ አይመሰክርም፤ እኛ ግን ያልጠራውን ዐይናችንን ይዘን ወደ ሸንጎ እንሮጣለን።

ሁለተኛው ትዕግሥት ነው። ተባዩ በጠጣበት ቀን ቢመረመር ምንም ላይታይ ይችላል። ወር፥ ሁለት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። የተሰወረ ነገር ራሱን የሚገልጥበት ጊዜ አለውና፥ በችኰላ የተሰጠ ፍርድ ሐሰት ባይሆን ስንኳ ባዶ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚረቅ ነው፤ ይኸውም የምስክሩን ዝምታ መለየት ነው። በተባዩ ሆድ ውስጥ ተሐዋሲው ቢገኝ ሰውየው በእርግጥ ደዌው አለበት። ባይገኝ ግን ሰውየው ንጹሕ ነው አያሰኝም። ደዌው አዲስ ሲሆን ተባዩ ሳይስት ያገኘዋል ማለት ይቻላል፤ ዓመታት ያለፉት እንደ ሆነ ግን ተሐዋሲው በደም ውስጥ ስለሚያንስ ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ሳያገኘው ሊቀር ይችላል። «አየሁ» ያለ ምስክር ይታመናል፤ «አላየሁም» ያለ ግን «የለም» አላለም። ስንት ጊዜ ይህን ልዩነት ዘንግተን ክፉ ነገር አልተገለጠምና ክፉ ነገር የለም ብለናል! ስንት ጊዜስ የባልንጀራችን መከራ አልተነገረንምና መከራ የለበትም ብለን በሰላም ተኝተናል!

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመለስ። ብሩምፕት ይህን ምርመራ ካሳሰበበት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ለሻጋስ ደዌ የሚረባ መድኃኒት አልነበረም። እንግዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሐኪም የሰውን ምስጢር በተባይ ገልጦ፥ «ደዌው አለብህ፤ የምሰጥህ ግን የለኝም» ይል ነበረ ማለት ነው። ይህ ደግ ሥራ ነውን?

አንድ የማከብራቸው ወዳጄ ስለዚህ ነገር ስንጨዋወት፥ «መድኃኒት የሌለውን ደዌ ማወቅ ሁለት ጊዜ መሞት ነው፤ ስሙ እስካልተጠራ ሰው በተስፋ ይኖራል» አሉኝ። ንግግራቸው ቀላል አይደለምና በቀላል አልመልሰውም። ደግሞም እውነት አለበት። በላቲን አሜሪካ አገሮች ተሐዋሲው በደሙ ስለ ተገኘ ብቻ፥ ጕልበቱ ሳይጐድልና ልቡ ሳይታመም፥ ሥራ የተከለከለ ሰው ብዙ ነበረ። ለዚህ ሰው የገደለው ደዌው አይደለም፤ የደዌው ስም ነው።

ነገር ግን በሦስት ነገር እመልሳለሁ። አንደኛ፥ ማወቅ የሞት ፍርድ አይደለም። ተሐዋሲው ካደረባቸው ሰዎች ኋላ ልባቸው የሚጐዳው ከ10 ሰዎች 2 ወይም 3 ናቸው፤ የቀሩት ብዙዎች ሳይጐዱ ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ሻጋስ በ1909 ዓ.ም. ያገኛት ያች ሕፃን እንኳ አድጋ፥ አርጅታ፥ በ1962 እና በ1978 ዓ.ም. ተሐዋሲው ዳግመኛ በደሟ ተገኘ፤ ልቧ ግን በዚያ ደዌ አልተጐዳም ነበር። ሰባ ዓመት ያህል ከጠላቷ ጋራ በአንድ ቤት ኖረች። ሁለተኛ፥ ደዌው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለሌላ በሚሰጥ ደምና ከእናት ወደ ፅንስ ይተላለፋል። ያወቀ ሰው ደሙን ለሌላ አይሰጥም፤ ያወቀች እናትም ልጇ እንደ ተወለደ ታስመረምራለች። ዛሬ መድኃኒት ስላለ በሕፃንነቱ የታከመ ልጅ ሁሉም ማለት ይቻላል ይድናል። ሦስተኛ፥ ደዌው በስንት ቤት እንዳለ ባይታወቅ ኖሮ ግድግዳውን የሚመርግ፥ ተባዩንም የሚያጠፋ ሹም ባልተነሣ ነበር። መድኃኒት እንኳ የሚፈለገው ደዌው በብዙ ሰው ላይ እንዳለ ሲታወቅ ነው። በተስፋ የሚኖረው ያላወቀው ሰው አንድ ነው፤ ባለማወቁ የሚጐዱት ግን ብዙ ናቸው።

ወዳጄ ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ኋላ እንደ ተረዳሁት ክርክራቸው ስለ ብራዚል አልነበረም። ልጃቸው ወደ ሑመራ ቈላ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ተመልሶ ነበር፤ ትኵሳቱ አልለቅ ብሎት፥ ሆዱ በግራ በኩል አብጦ፥ ሰውነቱ ከስቶ ነበር። እርሳቸውም የደዌውን ስም መስማት ፈርተው ወደ ሐኪም ቤት ሳይወስዱት ሰንብተው ነበር። በቈላው የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው ካላ አዛር የሚባል ደዌ አለ፤ ተሐዋሲው ጣፊያንና ጉበትን ያሳብጣል፤ ሳይታከም የቀረውንም አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። በ2005 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም በተባለው ወረዳ በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ በሐሰት ስም እየተጠራም ብዙ ሰው ፈጀ። ይህን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ልጁን ያስመርምሩት አልኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፥ «እሺ፥ እወስደዋለሁ፤ ነገር ግን እርስዎም አብረውኝ ይምጡ» አሉኝ።

ይህ ቃል እኔ ከተናገርሁት ሁሉ የበለጠ ነበር። ግለጥ የሚል ሁሉ አብሮ ይሂድ ማለታቸው ነውና። እኔ ስለ እውነት መገለጥ ስከራከር፥ እውነቱ በሚገለጥበት ሰዓት ከአባትየው አጠገብ ማን እንደሚቆም አላሰብሁም ነበር። አብረን ሄድን። ደሙ ተመረመረ፤ የተፈራውም ስም ተጠራ። መርፌውን 17 ቀን ተወጋ፤ ዳነም።

ይህም ወደ መጨረሻው ጥያቄ ያደርሰናል፤ ሰው ለራሱ ጥቅም ሳይሆን ለጎረቤቱ ብሎ ክንዱን ለተባይ መስጠት ይገባዋልን? የካላ አዛር ነገር በዚህ ላይ ምሳሌ ይሆነናል። በሕንድ አገር በቢሃር ግዛት ከ2016 እስከ 2019 ዓ.ም. ሊቃውንት በምርመራ ቤት ያሳደጓቸውን ንጹሓን የአሸዋ ዝንቦች በሰዎች ላይ አሳርፈው ደዌው ከማን ወደ ዝንብ እንደሚተላለፍ መረመሩ። ከተመረመሩት መካከል የታመሙ ነበሩ፤ ከካላ አዛር ድነው ኋላ በቈዳቸው ላይ ነጠብጣብ ወይም እብጠት የወጣባቸው ነበሩ፤ ተሐዋሲው በውስጣቸው እያለ ምንም ያልታመሙም ነበሩ። እነዚህ የኋለኞቹ ከዝንቡ ንክሻ ለራሳቸው የሚያገኙት ፈውስ የለም። በ2021 ዓ.ም. የታተመው ውጤት ግን እንዲህ አለ፤ ከታመሙት ከ77 ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት ደዌውን ወደ ዝንቡ አሳለፉ፤ ቈዳቸው ነጠብጣብ ካለባቸውም ብዙዎች አሳለፉ፤ ካልታመሙት ግን ወደ ዝንቡ ሲተላለፍ አልተገኘም። በአገራችንም በአዳማ እንዲሁ የወባ ትንኝን የሰው ደም በስስ ሽፋን እያጠጡ፥ ከታመሙትና ካልታመሙት ማን ወባን ወደ ትንኝ እንደሚያሳልፍ መርምረዋል፤ ውጤቱ በ2018 ዓ.ም. ታትሟል።

እንግዲህ መልሴ ይህ ነው። ሰው ክንዱን ለጎረቤቱ ሲል ቢሰጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ይህ መልካምነት የሰጪው ነው እንጂ የጠያቂው አይደለም። ጠያቂው ነገሩን በሚገባው ቋንቋ ሳይነግረው፥ እምቢ ለማለትም ነጻነት ሳይተውለት፥ ድኻ ነውና አይከራከርም ብሎ ቢወስደው፥ የተባዩ ሥራ በእርሱ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው፤ ደም መጥጦ መሄድ የተባይ ሥራ ነውና። በቢሃር ያልታመሙት ሰዎች ክንዳቸውን በመስጠታቸው ለብዙዎች የጠቀሙት ነገር አለ። እነርሱን የመሰሉ እልፍ ሰዎች «ደዌ የሚዘሩት እነዚህ ናቸው» ከመባል እንዲያርፉ መሠከሩላቸው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሌላ አደጋ ይጠብቀናል። ደዌው ቈዳው ከተነጠበጠበው ሰው ወደ ዝንብ ይሄዳል በተባለ ጊዜ፥ ያልተማረ መንደር ያን ሰው ከማዕድ ያርቀዋል፤ ልጁንም ከልጆች ይለየዋል። ይህ ስሕተት ነው። ካላ አዛር አብሮ በመብላት፥ እጅ በመጨባበጥ፥ አጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም፤ የምታሻግረው ዝንቢቱ ናት። ምርመራው ይህን ሰው ያመለከተው እንዲታከም ነው እንጂ እንዲባረር አይደለም። ማሳየትና ማሳደድ አንድ መስሎ የሚታየው ልቡናው ላልነቃ ሰው ነው።

የተሰወረን ደዌ መግለጥ ይገባልን ብለን ለጠየቅነው እንዲህ ብለን እንፈጽም። ይገባል፤ ገላጩ ንጹሕ ከሆነ፥ ከታገሠ፥ የዝምታን ትርጓሜ ካወቀ። እነዚህን ሦስቱን ታናሹ ተባይ ይፈጽማቸዋል፤ በሊቃውንት እጅ አድጓልና። አራተኛውን ግን ተባይ ሊፈጽመው አይችልም፤ ጠጥቶ፥ መስክሮ፥ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። ደዌው ከተገለጠበት ሰው ጋራ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ፥ በአልጋው አጠገብ መቀመጥ፥ ሲመለስም ከማዕድ አለመለየት የሰው ድርሻ ነው። በአጠገባችሁ ምርመራ የሚፈራ ሰው ቢኖር ክርክራችሁን አታስረዝሙበት፤ በማለዳ ተነሥታችሁ አብራችሁት ሂዱ።